የአባቴ ሰደፍ አይነካም!

ቅርስ ጠባቂ የሚባል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አግብቼዋለሁ። ባሌ ከአባቱ የወረሰው ባለሁለት አፈሙዝ የቆቅ ጠመንጃ አለው። ሰደፉ ለክንዱ ይረዝምበታል፤ በተኮሰ ቁጥር ትከሻው ይጠቁራል፣ ቆቋ ግን ደህና ሆና ወደ ጣና ዳር ቄጠማ ትገባለች። ‹‹አሳጥረው›› ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ ‹‹የአባቴ ሰደፍ አይነካም!››

ታዲያ እናቱ ታመሙና ‹‹በዚያ ጠመንጃ የተመታ ቆቅ ካልሆነ አልቀምስም›› ብለው እህል እንቢ አሉ። ምን ይደረግ? ሰኞ ዕለት ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው ቤታችን አናጢ ተጠራ። ባሌ ጥይት አለመኖሩን ሦስት ጊዜ አይቶ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አጋደመ፤ ሳሎናችን የቀዶ ሕክምና ክፍል መሰለ። አናጢው የሰደፉን ጫፍ ብረት ፈትቶ መጋዙን አሳረፈ። አንዴ ከተቆረጠ ማን ይቀጥለዋል?

‹‹ቆይ!›› አለ ባሌ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ።

‹‹ጋሼ፣ ይሄስ ድሮም ተቆርጧል እኮ›› አለ አናጢው፣ ብረቱ ሸፍኖት የነበረውን የመጋዝ ምልክት እያሳየ።

‹‹ማን ደፈረው?››

‹‹አባትህ ነዋ!›› አሉ አማቴ ከአልጋቸው። ‹‹ከረዥም ሰው ገዝቶት በገዛ እጁ አሳጠረው። አባትህን ካከበርህ፣ እንደ አባትህ ቁረጥ!››

ተቆረጠ። በማግስቱ አማቴ የቆቅ ወጣቸውን በሉ።

ብጣሹ እንጨትስ? በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጠመንጃው በነበረበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ትናንት አቧራውን ልጠርግ እጄን ብዘረጋ፣ ባሌ ከኋላዬ ጮኸ፤

‹‹የአባቴ ሰደፍ አይነካም!››