ባልሠራነው ቤት በር ላይ ቆመን

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ስለዚህ ሰው ከፎቶ ጋር ያለበትን ጣጣ እኔ በደንብ አውቃለሁ ብል ጉረኛ አትበሉኝ። መቱ ውስጥ ባለችው ሱቄ ግድግዳ ላይ፣ እንደ ማንኛውም ፀጉር ቤት፣ መልከ መልካም ወጣቶች የተደረደሩበት ትልቅ ፖስተር አለ። ደንበኛዬ ይገባል፣ ወንበሩ ላይ ይሰየማል፣ ጣቱን ይቀስርና «እንደዚህኛው አድርገኝ» ይላል፤ ግንባሩ የአባቱ መሆኑንና ፀጉሩም ግማሹ ከሄደ መቆየቱን ረስቶ። እኔም «እሺ» እላለሁ። ምን ልበል? ስጨርስ መስታወቱን ያያል፣ ፖስተሩን ያያል፣ በመጨረሻ እኔን ያየኛል። እስከ ዛሬ ያንን ፖስተር መስሎ ከሱቄ የወጣ ሰው የለም። ግን ፖስተሩን ባነሳው ደንበኞቼ ቅር የሚላቸው ይመስለኛል፤ ሰው መሆን የሚፈልገውን እያየ መቀመጥ ይወዳል።

እና ባለቤቴ ሰብለ አንድ ቅዳሜ ከስልጠና እየበረረች መጥታ «የራዕይ ሰሌዳ ልሠራ ነው!» ስትለኝ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ሰብለ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት አሠልጣኝ፣ እሷንና ባልደረቦቿን ሰብስቦ፣ የምትመኙትን ሁሉ በሥዕል ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፣ ጠዋት ጠዋት እዩት፣ ሰው ሲጠይቃችሁም እጃችሁ እንደገባ አድርጋችሁ ተናገሩ ብሏቸዋል። ሰብለ ደግሞ የተነገራትን ሳትሸራርፍ የምታደርግ ሴት ናት። ከጎረቤት አናጺ የተረፈ ኮምፔርሳቶ አመጣች፤ የዱቄት ሙጫ ሠራች፤ ያላትን የቀን መቁጠሪያ ሁሉ በመቀስ ፈጀችው። ውሃ የሚጠጣ ሰው (ለጤና)፣ ስትሮጥ የምትስቅ ሴት (ይቺም ለጤና ነው፤ እየሮጠ የሚስቅ ሰው ግን አይቼ አላውቅም)፣ ሐይቅ ዳር የተቀመጠ ወንበር (ለአእምሮ ዕረፍት)፣ መሐል ላይ ደግሞ አንድ ቪላ። ቪላስ ቪላ ነው! ባለ ፎቅ፣ መስኮቱ ብዙ፣ በረንዳው ላይ አበባ። በመጨረሻ ፎቶ ቤት ቆመን የተነሳነውን፣ ፕላስቲክ የለበሰውን ፎቶአችንን በቅርጻችን ቆረጠችና፣ ሙጫው ፕላስቲኩን አልይዝ ቢላት፣ በሩ ላይ በትንንሽ ሚስማር መታችን። አሠልጣኙ ራሳችሁን እዚያው ክተቱ ብሎ ኖሯል።

ሳሎን ተሰቀለ። ከሰርጋችን ፎቶና ከሰብለ የምርቃት ፎቶ መሀል።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሆኖ ያለቀ ነገር ነው። አግብተህ ሰርግህን ትሰቅላለህ፣ ተመርቀህ ጋዋንህን ትሰቅላለህ። ገና አንደኛ ዓመት ላይ ያለ ልጁን ጋዋን አልብሶ የሚሰቅል አባት እስቲ አሳዩኝ። እንግዳ ሲመጣ ሻይ እስኪፈላ ግድግዳውን ያነባል፤ ያነበበውንም ያምናል።

አከራያችን እትዬ አስካለ አነበቡ። እሳቸው ከፊት ባለው ቤት፣ እኛ ከጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ስንኖር ዓመታት አልፈዋል፤ ከአከራይነታቸው እናትነታቸው ይበልጣል። ጎሬ መንገድ ላይ ቦታ እንዳለን፣ ቆርቆሮ ገዝተን አልጋ ሥር ከከተትን ልጅ ተወልዶ እግር የሚያወጣበት ጊዜ እንዳለፈ ያውቃሉ። ሰሌዳው ፊት ቆሙ፤ ቪላውን አዩ፤ በሩ ላይ የቆምነውን እኛን አዩ።

«ሰብልዬ፣ ይሄ የናንተ ቤት ነው?»

ሰብለ አሠልጣኟን አሰበች። «አዎ እትዬ፣ ቤታችን ነው» አለች፤ ደረቷን ነፍታ።

እትዬ አስካለ ያቀለጡትን እልልታ ሱቄ ሆኜ አልሰማሁትም። እኔ የሰማሁት በማግስቱ፣ የእድራችንን ሊቀመንበር ኦቦ ገለታን በአረፋ ሸፍኜ ስላጭ ነው። «ባጋ ገመዳን፣ ታደሰ! እንኳን ደስ ያላችሁ! ቤቱን ጨርሳችሁ ልትለቁ ነው አሉ። የአስካለ የወንድም ልጅም ከቡሬ መጥቶ ዛሬ በናንተ ቦታ ይገባል» አሉኝ። ጉንጫቸውን አለመቁረጤ ተአምር ነው። ግማሽ ጺማቸውን እንደተሸከሙ ትቻቸው ሮጥኩ።

ግቢው ውስጥ አይሱዙ ቆሟል። አልጋው ወርዷል፣ ቁም ሳጥኑ ወርዷል፣ ፍራሹ ግድግዳ ተደግፏል፤ ከሁሉም መሀል፣ ሜዳ ላይ በተቀመጠ ሶፋ፣ የመውለጃዋ ወር የገባ አንዲት ሴት ላቧን እየጠረገች ተቀምጣለች። ባሏ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «ጋሼ ታደሰ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እዚያ ሆነን ምጥ ቢመጣ ምን እሆን ነበር? እርስዎ ባይለቁልን የት እንገባ ነበር!» አለኝ። ጥያቄውን እኔም ለራሴ ልጠይቀው ነበር። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል፤ ኢሉባቦር ላይ ዝናብ ሲገባ እንግዳ ሆኖ አይደለም የሚገባው።

ሰብለ ፊቷ ቀልቶ እውነቱን ተናገረች። ስልጠናውን፣ አሠልጣኙን፣ ምኞት መሆኑን ሁሉ። እትዬ አስካለ ሰምተው ሰምተው፦

«ታዲያ በሩ ላይ የቆማችሁት እናንተ አይደላችሁም?» አሉ።

«እኛ ነን፤ ቤቱ ግን ወረቀት ነው» አለች ሰብለ።

እትዬ አስካለ ደነገጡ። «ልጆቼን ሜዳ ላይ አልጥልም፤ ዕቃው ተመልሶ ይጫን» አሉ። ነፍሰ ጡሯ ሶፋውን ይዛ ለመነሳት ሞከረች፤ አቃታት፤ መልሳ ተቀመጠች። ይህን ጊዜ ሰብለ ብድግ አለች።

«ማንም አይመለስም። እኛ እንወጣለን።»

«ወዴት?» አልኩ።

«ቤታችን።»

ቤታችን የምትለው፣ በቅንነት ከታየ፣ ጎሬ መንገድ ባለው ቦታችን ላይ አራት ማዕዘን ሠርተው የቆሙ እንጨቶች ናቸው። ግን እላችኋለሁ፣ ያንን ቃል ስትል ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ሰሌዳ ላይ አላየሁትም። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ።

ግማሽ ጺማቸውን ይዘው ተከትለውኝ የመጡት ኦቦ ገለታ ሳቃቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሂን ያዳኢና፤ አትጨነቁ። እልል ያልነው እኛ ነን፤ የእልልታችንን ቤት እኛው እንሠራለን። እስከዚያ ሁለቱን ክፍል ተካፈሉት» አሉ። ደቦ ተጠራ። እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ቂጣና ማር ይዞ ሊመጣ የነበረው ሰው ሁሉ አካፋና ባልዲ ይዞ መጣ። ያቺን ቀን ብታዩዋት! አንዱ ማገር ይመታል፣ አንዱ ጭድ ይበትናል፣ ባለሱቁ፣ አናጺው፣ የሰብለ ባልደረቦች ሁሉ ሱሪና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃ ይረግጣሉ፤ የኦሮምኛው ዘፈን ሲያልቅ የአማርኛው ይነሳል፣ እሱ ሲያልቅ ሁለቱም አንድ ላይ። ለዓመታት እጀምራለሁ ስል የኖርኩትን ግድግዳ ሲለሰን ቆሜ አየሁት፤ ሰው ፊት አለቀስኩ፤ ጭቃ ገባብኝ አልኩ። ቆርቆሮውም ከአልጋ ሥር ወጥቶ ፀሐይ አየ።

ቤቱ ቪላ አይደለም። አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት። መስኮቱም መዝጊያ አልነበረውም፤ የገባን ዕለት ከሰዓት ዝናቡ በዚያው ሊገባ መጣ። ሰብለ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ሰሌዳዋን አነሳች፤ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋ መስኮቱ ላይ ገጠመችው። ልክክ አለ። እንዲህ አድርጋ ምኞቷን ለዝናብ ስትሰጥ ያዘንኩት እኔ ነበርኩ ብል ይሻላል፤ እሷ ግን ትስቅ ነበር።

በሳምንቱ እትዬ አስካለ ሊጠይቁን መጡ፤ ከቡሬ የመጣችው ሴት ወንድ ልጅ በሰላም መገላገሏን የምሥራች ይዘው። ደጁ ላይ ግን ቀጥ አሉ። ወጥቼ አየሁ። የዱቄት ሙጫው ለቆ ቪላው በጎርፍ ሄዷል። ሐይቁ የለም፣ ሯጯም ሮጣ አምልጣለች። ፕላስቲክ ለብሰን በሚስማር የተያዝነው እኛ ብቻ፣ ጎን ለጎን፣ በገዛ ጭቃ ቤታችን መስኮት ላይ ቆመን ቀርተናል።

እትዬ አስካለ ፎቶውን አዩ፤ ቤቱን አዩ፤ እኔን አዩኝ።

«አሁን መሰለ» አሉ።

ፖስተሩ ሥር ቆሜ እንዲህ የሚለኝ ሰው ስጠብቅ ነው የኖርኩት።