ጆሮዋ የተሸረፈ መኪና

ሽመልስ፦ ስፖኪዮዋን ምን አደረግካት? ስፖኪዮዋን ነው የምልህ!

ጃልዴሳ፦ ምልክት አደረግኩባት።

ሽመልስ፦ በመጋዝ?!

ጃልዴሳ፦ ጫፏን ብቻ ነው። የእኔ ከብቶች በሙሉ ግራ ጆሯቸው እንደዚሁ ነው። ብትጠፋ በምን ልለያት?

ሽመልስ፦ ነገሌ ውስጥ ሌላ ቀይ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና አለ እንዴ?

ጃልዴሳ፦ የለም። ግን የጠፋ ከብት ነገሌ አይቀመጥም፤ ሩቅ ነው የሚሄደው።

(ሽመልስ ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። የሟች አባቱ መኪና ናት። ከአዲስ አበባ ነገሌ ድረስ የመጣው፣ ነገ ያቤሎ ላይ በሚደረገው የአሮጌ መኪኖች ሰልፍ ሊነዳት ነው። ልጆቹ የአያታቸውን መኪና እናያለን ብለው ከእናታቸው ጋር ቀድመውት ያቤሎ ገብተዋል። ወደ ሰልፉ የምትገባ መኪና ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣች መሆን አለባት ተብሏል። አብሮ አደጉ ጃልዴሳ ግን፣ እንዴት ያለ ጉድ ሠራው መሰላችሁ!)

ሽመልስ፦ የአባቴ ቤት ሲሸጥ በስልክ ምን አልኩህ?

ጃልዴሳ፦ «ወደ ግቢህ ውሰዳት፣ እንደ ላምህ ጠብቃት» አልከኝ።

ሽመልስ፦ አትንካት ማለቴ ነዋ!

ጃልዴሳ፦ የማትነካ ላም የት አይተህ ታውቃለህ? ታስራ የምትውል ላም ትሞታለች። እኛ ዘንድ ላም ለወዳጅ በአደራ ስትሰጥ ወተቷ የጠባቂው ነው፣ ላሟ የባለቤቷ። እኔም ጠዋት ጠዋት አወጣኋት፣ ውሃ አጠጣኋት፣ እስከ ወደራ ከተማ ገበያ ወሰድኳት...

ሽመልስ፦ ወተቷስ?

ጃልዴሳ፦ ፍየል ጫንኩባት።

ሽመልስ፦ ፍየል! በዚያ የቆዳ ወንበር ላይ?

ጃልዴሳ፦ አትጩህ፣ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው። ወንበሩን አውጥቼ ነው የጫንኩት።

ሽመልስ፦ (እየዞረ ሲያያት) ቆይ፣ ይቺ ለምንድነው እንዲህ የረዘመችው? ከሥሯ በግ ያልፋል እኮ!

ጃልዴሳ፦ የላንድክሩዘር ሞላና ጎማ አስገባሁላት። እግሯ አጭር ነበር፤ ድንጋዩ ሆዷን ሲፍቃት አሳዘነችኝ።

ሽመልስ፦ የስፖርት መኪና ዝቅ ማለት አለባት! ንፋሱ ከላይዋ ሸርተት እንዲል ነው እንደዚያ የሠሯት። ሳይንስ ነው ይሄ፤ ላንተ አይገባህም።

ጃልዴሳ፦ አይገባኝም። የኛ አገር ንፋስ ግን ከጎን ነው የሚመጣው።

ሽመልስ፦ አዲስ አበባ ያለ ሰው እንዲህ ዓይነቷን መኪና በሸራ ሸፍኖ፣ አቧራዋን በብሩሽ እያራገፈ ነው የሚያኖራት!

ጃልዴሳ፦ ምነው? አመማት?

ሽመልስ፦ ምንም አልሆነችም! ጤነኛ ናት!

ጃልዴሳ፦ ታዲያ ጤነኛውን ሸፍኖ ማስተኛት ምን የሚሉት ነው?

ሽመልስ፦ ኦርጅናል ሆና እንድትቆይ ነዋ! አሁን አንተ የጣልከውን ዕቃ ከየት አባቴ ላምጣው? አለቀልኝ! ልጆቼን ምን ብዬ ልያቸው?

ጃልዴሳ፦ ማን ጣለው?

(ጃልዴሳ ጓዳ ገብቶ በከብት ቆዳ የተጠቀለለ ነገር እየጎተተ አወጣ። ተመላልሶ ሌላም አወጣ። ሲፈታው ሞላዎቹ፣ ጎማዎቹ፣ ወንበሮቹ፣ ሁሉም አሉ።)

ጃልዴሳ፦ የሰው ላም ብትሞትብህ ቆዳዋን ለባለቤቷ ታሳያለህ። አለዚያ ሸጠህ በላሃት ይሉሃል። ከእሷ ከወጣው አንድ ብሎን አልጠፋም። የጆሮዋም ቁራጭ አለልህ።

ሽመልስ፦ (አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ) ወንድሜ! ወንድሜ ነህ! በል አሁኑኑ ወደ ቦታቸው እንመልሳቸው!

ጃልዴሳ፦ ሞላውንም? እዚሁ ግቢ ውስጥ? ጭነነው ሄደን ያቤሎ ብንቀይረው...

ሽመልስ፦ አንተ ደግሞ አሁንም ልትመክረኝ ነው? ስለ ኦርጅናል መኪና የማውቀው እኔ ነኝ!

ጃልዴሳ፦ ኢሺ። ላሟ ያንተ ናት።

(ሲፈቱና ሲያስሩ ዋሉ። መጨረሻ ላይ መኪናዋ መሬት ልትስም ምንም አልቀራት፤ ስፖኪዮዋም በማስቲሽ ተለጥፎ ደህና መስሏል። ሽመልስ መሪውን ሲጨብጥ አባቱ ትዝ አሉትና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። በኩራት ክላክስ እያሰማ እስከ ግቢው በር ነዳና ድንገት ፍሬን ያዘ።)

ሽመልስ፦ ጃልዴሳ! በሩ ላይ ያለው ይሄ ቦይ ምንድነው?

ጃልዴሳ፦ የጎርፍ ነው። እሱ ባይኖር ዝናብ ሲመጣ ቤታችን ይዋኛል።

ሽመልስ፦ አፍንጫዋ እዚህ ውስጥ ይቀበራል እኮ!

ጃልዴሳ፦ ኤ፣ አዎ፣ ይቀበራል።

ሽመልስ፦ ጠዋት ከገበያ ስትመለስ በዚህ በር ነድተሃት ስትገባ አይቻለሁ!

ጃልዴሳ፦ ጠዋትማ እግር ነበራት።

ሽመልስ፦ መጀመሪያስ? ከአባቴ ቤት ስታመጣት እንዴት ገባች?

ጃልዴሳ፦ የሰፈሩ ጎረምሶች ተሸክመው አስገቧት።

ሽመልስ፦ ተሸክመው?

ጃልዴሳ፦ ያኔ ኦርጅናል ነበረቻ።

(ሽመልስ ቦዩን አየ፣ መኪናዋን አየ። ሞተሩን አጠፋው።)

ሽመልስ፦ እነዚያ ጎረምሶች... አሁንም አሉ?

ጃልዴሳ፦ አሉ፣ ብጠራቸው ይመጣሉ። ግን ያቤሎ ድረስ አይሸከሙልህም።

(ሽመልስ ወርዶ ኮቱን አወለቀና አጥሩ ላይ ሰቀለው።)

ሽመልስ፦ ክሪኩን አምጣ።

ጃልዴሳ፦ ደግሞ ምን ልናደርግ?

ሽመልስ፦ ያቤሎ ላይ መልሶ ለመቀየር ጊዜ የለንም፤ ሰልፉ ይቅር፣ ልጆቼ እየነዳኋት ይዩኝ! እግሯን መልስላት!