ሊቀ አጽናኝ ደጅይጥኑና የታመመው ወንዝ

መርዶ መናገር የማይሆንለት ሰው የሌለበት መንደር የለም። እንዲህ ያለው ሰው ክፉ ወሬ ከአፉ ከሚወጣ ጥርሱ ቢወልቅ ይመርጣል። ከሰቆጣ ቁልቁል ባለው ወንዝ ዳር ለሚኖሩት ሰዎች ይህ ሰው የግብርና ባለሙያው አቶ ደጅይጥኑ ነበር። ባሏ ሞቶባት በወንዙ ዳር ነጭ ሽንኩርት እያለማች ልጆቿን የምታሳድገው ይታየሽ «ሊቀ አጽናኝ» የሚል ማዕረግ ሰጥታዋለች።

ማዕረጉ ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። አይዟችሁን በአማርኛም በኽምጣኛም ይችልበታል። የአቶ ደሴ በቅሎ ገደል ገብታ አሞራ ሲዞርባት «ትንሽ ደከም ብሏት ነው» ያለ እሱ ነው። ነፋስ የጎረቤት ጣሪያ ገፎ ሲወስድ «ቤቱ አየር አገኘ» ብሏል። አንድ ጊዜማ እዚያው ዋግ ውስጥ ዝቋላ ድረስ መርዶ እንዲያደርስ ተላከ። ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ደረሰ፣ እራቱን በላ፣ አደረ፤ በማግስቱ ለሟቹ ልጅ «አባትህ ሰላም ብሎሃል» ብሎት ተመለሰ።

ሥራው ግን የወንዝ ዳር መመርመር ነበር፤ መከራው እዚህ ላይ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ዱላውን ይዞ ዳር ዳሩን ይወርዳል። አፈሩን ይዳስሳል፣ ከሾላው ሥር ችግኝ በቅሎ እንደሆነ ይፈልጋል፣ ፍየል የላጠውን የአኻያ ቅርፊት ያያል። በ1994ም ሲወርድ ይታየሽ ከኋላው ተከተለችው። ቄጠማው አልቋል። አሮጌ ዛፍ እንጂ ለጋ ዛፍ የለም። አፈሩ የተሸረሸረበት የሾላ ሥር እንደ ከሳ ሰው የጎድን አጥንት ፈጥጧል። ደጅይጥኑ የታመመ እንደሚጠይቅ ሰው ከንፈሩን መጠጠ።

«እንግዲህ ይንገሩልኝ፣ ጋሼ» አለችው። «እርስዎ ታሟል ካሉ ሽማግሌዎቹ ዳሩን ከፍየል ይከለክላሉ። የእኔን ቃል ማን ይሰማል? ዳሩ ከሄደ ማሳዬም አብሮ መሄዱ ነው።»

«እነግራቸዋለሁ፣ እህቴ! ምን ከብዶኝ!»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠበቁት። ዝናብ የከዳቸው፣ ከፍየል በቀር ተስፋ ያልቀራቸው ሰዎች ናቸው። ደጅይጥኑ ተነሣ። ፊታቸውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያገግማል» አለ።

ሽማግሌዎቹ መረቁት። ፍየሎቹም ወደ ወንዙ ወረዱ።

በቀጣዩ ክረምት ጎርፉ ሾላውን ከነሥሩ፣ የይታየሽን ማሳም ከነሽንኩርቱ ጠርጎ ወሰደው።

ዝናቡ ሲያባራ ደጅይጥኑ እንደ ልማዱ ዱላውን ይዞ መጣ። ይታየሽ ስድቧን አዘጋጅታ ቆየችው።

«ሊቀ አጽናኝ! ዛሬስ ምን ይሉኝ ይሆን? ማሳሽ ገላውን ሊታጠብ ወርዶ ነው?»

ባርኔጣውን አውልቆ ሾላው የነበረበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሞቷል» አለ። «አምናም አውቄ ነበር። ሽማግሌዎቹን ሳያቸው… አፌ እምቢ አለኝ፣ እህቴ።»

ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ይህ ነበር። አንድ ክረምት ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም ደስ አላላትም። መንደሩን ሁሉ ሲያጽናና የኖረ አፍ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ማየት አልሆነላትም። ስድቧ ጠፋባት።

ጎርፉ የተወውን የአኻያ ቅርንጫፍ ከድንጋዩ መሃል መዝዛ እርጥቡ አሸዋ ላይ ሰካችው። ከማዶ ፍየሎች እየወረዱ ነበር። ፊቱን አየች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ያገግማል፣ ጋሼ» አለችው።