ሰርቨሩን ያናገሩት ጋሽ ቆይ

በዓለም ላይ አንድ «ቆይ» ባይ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ እሱ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የኛው፣ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ ክቡር ጋሽ ቆይ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም።

ሊፍት ሊዘጋ ሲል «ቆይ፣ የቀረ ሰው ይኖራል» ብለው በሩን ይይዛሉ። ስብሰባ አልቆ ቦርሳችንን ስናነሣ «ቆይ፣ አንዲት ነገር አለችኝ» ይላሉ። ለትንሹም ለትልቁም «ቆይ» ነው፤ «ይቆዩ» የሚባል ነገር አያውቁም። በሰርጋቸው ዕለት ራሱ «ሙሽሪትን ትወዳታለህ?» ሲባሉ «ቆይ» አሉ ተብለው ይታማሉ። የሰው ኃይል ሠራተኛ የሆንኩት እኔ ደግሞ ጠረጴዛዬ ከሳቸው ጎን ነው፤ ደሜ እንደ ፈላ ኖሬያለሁ።

አንድ ጠዋት የላቦራቶሪው ሰርቨር አልነሣም አለ። ይበራል፣ ያጓራል፣ ድርግም ይላል፤ ደግሞ ይበራል። ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር የደም ውጤቷን ትጠብቃለች። ውጤቱ ያለው እዚያው ሰርቨር ውስጥ ነው፤ የምርመራ ማሽኖቹም ያለ እሱ አይሠሩም።

ሥራ አስኪያጁ እያለከለኩ ደረሱ። «ሞቷል በቃ! ንቀሉና ሌላ እናስመጣ!»

«ቆይ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ይጠየቅ እንጂ።»

«ጠፍቶ ማን ይጠየቃል?»

«ዘበኛው መቼ ጠፋ?»

ዘበኛ የሚሉት እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰርቨሩ ቢጠፋም እንቅልፍ የማያውቀውን ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው። ሰርቨሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው የማስነሻ ፕሮግራም በየደረጃው ለዘበኛው ይነግረዋል፦ ይህን እየፈተሽኩ ነው፣ ወደዚያ አለፍኩ፣ በዚህን ያህል ጊዜ ካልጨረስኩ ደርቄ ቀርቻለሁና አጥፍተህ አስነሣኝ። ጋሽ ቆይ ላፕቶፓቸውን ከዘበኛው ጋር በገመድ አገናኝተው የሁለቱን ወሬ ማንበብ ያዙ።

«ይኸው! ሚሞሪ እየፈተሽኩ ነው ይላል። ትናንት ሚሞሪ ጨመርንለት አይደል? ፍተሻው ረዘመበት። ዘበኛው ደግሞ ሳይጨርስ ሞቷል ብሎ ያጠፋዋል።» ቀና ብለው ሥራ አስኪያጁን አዩ። «ልክ እንደ እርስዎ።»

የመጠበቂያውን ጊዜ አራዝመው አበሩት። አጓራ። ከዚያ ጭጭ አለ። ሥራ አስኪያጁ አላስችል ብሏቸው እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ሲሰዱ አንድ ሰው «ቆይ!» ብሎ ጮኸ።

የጮኽኩት እኔ ነበርኩ።

ወዲያው ስክሪኑ ቦግ አለ። ከላቦራቶሪው የመጣችው ልጅ ጋሽ ቆይ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሥራ አስኪያጁ እያጨበጨቡ «አንበሳ!» አሉ። ውጤቱ ተነበበ፣ ደሙ ተዘጋጀ፣ ሴትየዋ ገባች። ከምሳ በፊት የሕፃን ለቅሶ ኮሪደሩን ሞላው፤ እናትም በሰላም ወጣች። ያን ቀን የማይስቅ ሰው አላየሁም።

በሳምንቱ የሌላ ሆስፒታል ኃላፊ ደወሉልኝ። «እኚያን ጉደኛ ሰው ለኛ አዛውሯቸው፤ የፈለጋችሁትን ሰው በምትካቸው እንሰጣለን» አሉኝ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ስልክ ነው።

«እኔ እርስዎን ብሆን ይቅርብኝ እል ነበር» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ቀርፋፋ ናቸው፣ ነገረኛ ናቸው፣ ከሰው አይስማሙም።»

ስልኩን ዘጋሁና የጋሽ ቆይ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ልወስድላቸው ተነሣሁ።