ክቡር መሐንዲስ በሰው ግድግዳ ላይ

አሮጌ ቤት ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው ሁሉ አንድ አጎት አለው። የለኝም የሚል ካለ፣ ቤት መፈለጉን ገና ለዘመድ አልነገረም ማለት ነው። ይንገርና ይየው! በነጋታው ጠዋት ባርኔጣውን ደፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ "እኔ ምን አገባኝ! ብቻ እኔ ሳላየው እንዳትገዙ" እያለ በሩ ላይ ቆሞ ያገኘዋል።

ለእናቷ ቤት የምትፈልግ አንዲት መምህርት አለች፤ አጎቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከሱቃቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ቤተሰቡ "ክቡር መሐንዲስ" ይላቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው አይደለም እንጂ። መሐንዲስነቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። ማንም ሊነጥቃቸው እንደማይችል ግን የታወቀ ነው።

ክቡርነታቸው ቤት የሚያዩት እንደ ልብስ ነው። ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ያችን ጠፍጣፋ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ከኮት ኪሳቸው ያወጣሉ። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ይለጥፉና "ሰማሽ? ገበሩ ለቋል" ይላሉ። ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደሆነ "ትከሻው ወድቋል"፤ በሩ አልገጥም ያለ እንደሆነ "ሲታጠብ ገብቷል"። መጨረሻ ላይ ባርኔጣቸውን ያወልቁና፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ፍርዱን ያሳርፋሉ፦ "ይሄ ቤት አይደለም፤ ጉድ ነው!"

ይሳሳታሉ ወይ? እንዴታ! የወንድማቸው ልጅ ቤት ሲገዛ "ክረምቱን አይሻገርም" ብለው ምለው ተገዝተው ነበር። ቤቱ ስንቱን ክረምት ተሻግሮ ይኸው እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ክቡርነታቸው በዚያ ባለፉ ቁጥር ቀና ብለው ያዩትና "ግትር ነው" ብለው ይሄዳሉ።

መምህርቷ በዚህ የምትስቅበት ጊዜ ነበር፤ አሁን አልፏል። እናቷ፣ ማለትም የክቡርነታቸው ታላቅ እህት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ታስረው ቀርተዋል። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃው አይሞከርም። የሕንጻው ሊፍት ደግሞ የሚሠራው ደስ ሲለው ነው። መስኮት ሥር ተቀምጠው ቁልቁል የሰው አናት ሲያዩ ይውላሉ። ሐኪሙ "መሬት ይርገጡ፣ ይንቀሳቀሱ፤ እንዲህ ከከረሙ እግሩ ጨርሶ ይከዳዎታል" ካለ ሰንብቷል። ስለዚህ መሬት ላይ ያለ፣ ግቢ ያለው ቤት መገኘት አለበት፤ ያውም ቶሎ።

የተገኘው ሁሉ ግን በዚያች ጠመኔ ተሠየፈ። አንዱ መሠረቱ አኩርፏል ተባለ፤ ሌላው ወገቡ ሰፍቷል ተባለ። "እማዬ፣ እሳቸውን ተያቸው፤ እኔ አይቼዋለሁ እኮ" ብትልም እናትየው ወይ ፍንክች! "እሱ ይየው፤ እሱ ያላመነበት ቤት አልገባም" ብለው ይዘጉታል።

በዚህ መሃል ደላላው ደወለ። ከድሮዎቹ ሰፈሮች በአንዱ፣ ዛፎቹ ከጣሪያው በላይ በረዘሙበት መንገድ ላይ፣ ለብቻው የቆመ አሮጌ ቤት ተገኝቷል።

"ሌላም ገዢ አለ፤ ሁለታችሁም ዛሬ ታያላችሁ" አላት። "ባለቤቱ ዛሬውኑ ለአንዳችሁ ቃላቸውን ይሰጣሉ። አደራሽን ታዲያ! ሽማግሌው በእጃቸው የሠሩት ቤት ነው፤ እንዳታንቋሽሹባቸው።"

መንገድ ላይ መምህርቷ አጎቷን ክንዳቸውን ይዛ አቆመቻቸው።

"ጋሼ፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ። ዛሬ ይዩ እንጂ አይናገሩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።"

"እኔ ምን አገባኝ!" አሉ ክቡርነታቸው። "አፌን ሰፍቼዋለሁ። ክሩንም በጥሼዋለሁ።"

ቃላቸውን ጠበቁ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጠመኔዋ ግን ቃል አልገባችም ነበር።

ግቢው ውስጥ ሲገቡ ሌላው ገዢ ቀድሟቸዋል። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ የመኪና ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው ነው። ከአጥር እስከ አጥር እየተራመደ በስልክ ያወራል። ባለቤቱን ሽማግሌ ሲያይ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ "በጣም የሚያምር ቤት ነው አባቴ!" አለና እርምጃውን ቀጠለ። ሽማግሌው ደስ አላቸው። መምህርቷ እርምጃዋን አፈጠነች።

ሽማግሌው በከዘራቸው እየመሩ አስገቧቸው። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ሲረግጡት ሲጢጥ ይላል። የወጥ ቤቱ መስኮት እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ አይዘጋም። "ይቺን ክፍል የጨመርናት ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ነው" ይላሉ ሽማግሌው። "ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፋብኝ። ልጄ ዘንድ ልገባ ነው።"

መምህርቷ ከኋላ ያለችውን ክፍል ስታይ እግሯ ተተከለ። በሯ በቀጥታ ወደ ግቢው ይከፈታል፤ ደረጃ የላትም። አልጋው እዚህ፣ ወንበሩ እዚያ በር ላይ፤ እናቷ ከአልጋ ወርዳ ጥቂት ብትራመድ አፈር ትረግጣለች። "አምላኬ፣ ይቺን ብቻ አትከልክለኝ" አለች በልቧ።

ያኔ ነው የአጎቷ ድምፅ ከጠፋ መቆየቱ ትዝ ያላት። እየሮጠች ወደ ሳሎን ተመለሰች፤ ክው ብላም ቀረች።

ነጩ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በሰማያዊ ጠመኔ ተሞልቷል! እዚህ መስመር፣ እዚያ መስቀል፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የሚጠብ ኮት ላይ እንደሚደረገው ቀስት። ክቡርነታቸው በርጩማ ላይ ቆመው የመጨረሻዋን ምልክት እያሰመሩ ነበር።

ሽማግሌው ከኋላዋ ደረሱ። ደላላው ጭንቅላቱን ያዘ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ክቡርነታቸው ዘወር አሉና በጣታቸው አፋቸውን አመለከቱ። ላለመናገር ቃል ገብተዋላ!

"አንተ ሰውዬ! ሃምሳ ዓመት በኖርኩበት ግድግዳ ላይ ምን ታደርጋለህ?"

መምህርቷ ከዚያ በላይ አልቻለችም። "ጋሼ፣ ጨረሱልኝ አይደል?" ብላ ጮኸች፤ እንባዋ እየወረደ። "ያን ሁሉ ለመንኩዎት እኮ! እናቴን እዚያ ፎቅ ላይ ቀበሯት! በቃ፣ ደስ ይበልዎት!"

የክቡርነታቸው ፊት አመድ መሰለ። ከበርጩማው ወረዱ። "እኔ እኮ... አንድም ቃል አልተናገርኩም" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ።

ባለ መነጽሩ ጫጫታውን ሰምቶ በረንዳው ላይ ብቅ አለ። ግድግዳውን በበሩ አየና ፈገግ አለ። ዕድል በራሷ እግር ስትመጣ ማን ይጠላል?

"ሰው ቤት መጥቶ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው" አለ። "እኔ በበኩሌ አንድም እንከን አላየሁበትም አባቴ። እንዳለ እወስደዋለሁ።"

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት። "ውስጡን አይተኸዋል?"

"ማየት አያስፈልገኝም። እኔ የምፈልገው ቦታውን ነው።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን እየተከሉ ወደ ግድግዳው ሄዱና ምልክቶቹን አንድ በአንድ፣ ዓይናቸውን አስጠግተው ማየት ጀመሩ። ለመምህርቷ ሊያባርሯቸው ቃላት እየመረጡ መሰላት።

"ይሄኛው ልክ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ይሄም ልክ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዝናብ በኋላ የመጣ ነው። ይሄ ግን ስንጥቅ አይደለም፤ ትልቁ ልጄ በብስክሌት ገጭቶት ነው።"

"እኔ ምን አገባኝ" አሉ ክቡርነታቸው ቀስ ብለው። "ብቻ ስንጥቅ ይመስላል።"

"ብስክሌት ነው አልኩህ!"

"እሺ፣ ብስክሌት ይሁን።"

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። "ጠመኔውን ወዲህ በለው።"

ክቡርነታቸው ሰጧቸው። ልብ በሉ፣ ያችን ጠመኔ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ሽማግሌው ደላላውን ጠርተው ጥግ የቆመውን ቁም ሳጥን አስገፉት። ከኋላው ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ወጣ። አጠገቡ ተንበርክከው ሰማያዊ መስመር አሰመሩበት።

"ይቺን አላየሃትም" አሉ። "ባለቤቴ ቁም ሳጥኑን እዚህ ያቆመችው ይቺን ለመሸፈን ብላ ነው። እንግዲህ ካየህ ሁሉንም እይ።" ከዚያም ወደ ደላላው ዞሩ። "ለእነዚህ ነው የምሸጠው።"

"አባቴ፣ ምነው!" አለ ባለ መነጽሩ። "ሰዎቹ ቤትዎን አዋርደውት እኮ ነው።"

"መሬት ሊገዛ የመጣ ሰው ግድግዳ አያንኳኳም፤ ይሄ ሰውዬ ሊኖርበት ነው የመጣው።"

"እኔ አይደለሁም የምኖርበት" አሉ ክቡርነታቸው። እውነት ከሆነ በራሳቸውም ላይ ቢሆን ዝም ማለት አይሆንላቸውም። "እህቴ ናት።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ጠመኔ ለእህትህ ነው?"

"ለማን ይሆናል? ወድቃ መነሳት አቅቷታል። እኔ አይቼ ያለፍኩት ግድግዳ ደግሞ ቢወድቅባት፣ ማን ፊት እቆማለሁ?" አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሚይዙት ነገር ፈልገው ነው እንጂ ለፍርድ አልነበረም።

መምህርቷ አጎቷን እንደ አዲስ አየቻቸው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቤት ማፍረስ የሚወዱ ሽማግሌ ይመስሏት ነበር። ፈርተው ኖሯል! በየቤቱ ኳ ኳ ሲያደርጉ የኖሩት ከፍርሃት ነው። የጮኸችባቸው ቃል ሁሉ አሳፈራት። ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች።

"ጋሼ፣ ይናገሩ በቃ። ቤት ነው?"

ክቡርነታቸው ጣሪያውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተጋግዘው ያዥጎረጎሩትን ግድግዳ አዩ።

"ጉድ ነው" አሉ። "ግን የሚጠገን ጉድ ነው። ለእናትሽ ደውዪልኝ እስኪ።"

ደወለችላቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"እትዬ" አሉ፤ "ጫማሽን አዘጋጂ።"

መምህርቷ ጆሮዋን አስጠጋች። ከወዲያ በኩል የእናቷ ድምፅ መጣ፣ ቀጭንና እንደ ልጅ ግራ የገባው።

"የትኛውን ጫማ?"

ክቡርነታቸው ስለ ግድግዳ ቢሆን እስኪመሽ ድረስ አያልቅባቸውም ነበር፤ ስለ ጫማ ሲሆን ግን ስልኩን ለእህታቸው ልጅ አቀብለው ፊታቸውን ወደ ጥግ አዞሩ። እሷም በአንድ እጇ አጎቷን እንደያዘች ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ደስ ያለሽን፣ እማዬ" አለች።