ሃንድሴት ማለቱ ነው

ለንደን ውስጥ አራሚ የሌለው የሐበሻ ቤት የለም። ወላጅ እንግሊዝኛ በተናገረ ቁጥር ከጎን ብቅ ብላ «ሂ ሚንስ…» የምትል፣ እዚሁ የተወለደች አንዲት ልጅ አትጠፋም። የኬንቲሽ ታውኗ ክብርት አራሚ ዳናዊት ትባላለች።

ክብርት ዳናዊት ለማንም አታዳላም። እትዬ አልታየሽ ከኩላሊት ሕመም ድነው፣ ቸርች ቆመው «ጌታ ኪችኔን ፈወሰልኝ» ብለው ሲመሰክሩ፣ ጉባኤው «አሜን!» ከማለቱ በፊት ከኋላ ወንበር «ኪድኒ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አውቶቡስ ላይም ሆነ ሐኪም ፊት፣ አባቷ ጋሽ ዳኛቸው የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር የምትጨርሰው እሷ ናት። ክፋት የለባትም፤ ሰው እንዳይስቅባቸው ቀድማ መድረሷ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አባትና ልጅ ስልክ መሸጫ ገቡ። ጋሽ ዳኛቸው ኮታቸውን አስተካክለው፣ «ሄድሴት፣ ፕሊስ» አሉ።

«ሂ ሚንስ ሃንድሴት» አለች ዳናዊት። የስልካቸው መስታወት ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል።

ሻጩ ወዲያው ስልክ ደረደረ፤ ስለ ሁለት ዓመት ኮንትራትም ማስረዳት ጀመረ።

«አባዬ፣ ሃንድሴት እኮ ስልኩ ራሱ ነው፤ በእጅ የሚያዘው። ሄድሴት ደግሞ…»

«ራስ ላይ የሚጠለቀው፣ ማይክ ያለው» ብለው ጨረሱላት። ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከአንድ የአስተርጓሚዎች ድርጅት የመጣ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የስልክ ፈተና አላቸው፤ ያለ ሄድሴት መፈተን አይቻልም። ቃሉ ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሯል፤ ከጎኑም አነባበቡ በአማርኛ ፊደል ተጽፏል።

«አስተርጓሚ ልትሆን? ለምን አልነገርከኝም?»

«ማመልከቻውንም ታርሚው ነበራ!»

ሻጩ አማርኛ ባይገባውም ሳቀ። ዳናዊት ከሰው ሳቅ የምትከልላቸው ይመስላት ነበር፤ ለካ አባቷ ሲፈሩ የኖሩት እሷን ነው። አንዷን ቃል ስንት ጊዜ ብቻቸውን ተለማምደዋት ይሆን? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ከሰዓት በኋላ ከመኝታ ቤቱ በር ውጭ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አዳመጠች። የፈታኟ ድምፅ አይሰማም። የሚሰማው የአባቷ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው የሚያባብል። «ወለምታ ነው እንጂ ስብራት አይደለም፤ አይስጉ።»

ቃሉን አታውቀውም።

በሩ ሲከፈት የጋሽ ዳኛቸው ፊት በርቷል። «"ቬሪ ጉድ" አለችኝ! ሰኞ ጀምር ተብያለሁ።»

ይቅርታ ልትላቸው ነበር የተዘጋጀችው፤ ከአፏ የወጣው ግን ጥያቄ ነው። «አባዬ… ወለንታ ምንድን ነው?»

«ወለምታ» አሉ በቀስታ። ሄድሴቱን ከራሳቸው ሳያወልቁ አጠገቧ ቁጭ አሉና፣ ቁርጭምጭሚቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ያሳዩዋት ጀመር።