ዕጣ የጣለው በሬ

ትናንት ሌሊት ጋሽ ዘውገ በሕልማቸው የድሮ ሰፈራቸውን ሳይፈርስ አገኙት። ሾላው በቦታው ነበር፣ የቆርቆሮው አጥርም እንደተንጋደደ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ጥንቱ ለቅርጫ ተሰብስቧል፤ ከሞቱ የቆዩት አቶ ጀማነህ እንኳ ሳይቀሩ ቢላቸውን እየሳሉ ቆመዋል። ጋሽ ዘውገ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ ጎረቤቱ በየፎቁ ተበትኖ፣ ቅርጫም ቀርቶ፣ ሁሉም ሥጋውን በኪሎ ለየብቻው እየገዛ መብላት ከጀመረ ቆይቷል። ያ ግርግር እንዴት ይናፍቃቸው ነበር!

የሚታረደው በሬ ግን ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሐኪሞች ምላሳቸውን አውጥተው በእሱ ለመመርመር ተራ ይጠብቃሉ። አግዳሚው ላይ የመድኃኒት ጠርሙሶች ተደርድረው ያስላሉ፤ አንዷ ጠርሙስ ሕመምተኛ ቶሎ ካልታዘዘላት እንደማይሻላት ለጓደኛዋ ታወራለች። መሬት ላይ በተነጠፈው ቅጠል ላይ ደግሞ በሥጋ ፈንታ ሁለት መደብ መድኃኒት ተቀምጧል፤ አንዱ አዲሱ የልብ መድኃኒት፣ ሌላው ነባሩ።

ጋሽ ዘውገ ወዲያው ገባቸው። ባለቤታቸው እትዬ ፈትለወርቅ ልባቸውን ታመው የሚከታተሉበት ሆስፒታል፣ አዲሱን መድኃኒት ከነባሩ ጋር ሊያወዳድር ሕመምተኞቹን በዕጣ ለሁለት ይመድባል። እትዬ ፈትለወርቅም ተስማምተዋል። ዕጣው የሚወጣው ሲነጋ ነው።

በሬው ጋሽ ዘውገን በስማቸው ጠርቶ ጀርባቸውን እንዲያዞሩ አዘዛቸው። ይህ አዲስ ነገር አልሆነባቸውም፤ የሰፈሩን ዕጣ ሲጥሉ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ፣ አቶ ጀማነህ አንዱን መደብ በቢላቸው እየጠቆሙ «ይሄ ለማን?» ይላሉ፣ ጋሽ ዘውገ ሳያዩ በአፋቸው የመጣውን ስም ይጠራሉ። አዳላ ብሎ ያማቸው ሰው የለም። እንዴትስ ይታሙ? «ለፈትለወርቅ» ባሉ ቁጥር መደቡ አጥንት ሆኖ ይገኛል። ሰፈሩ በሳቅ ይፈርሳል፣ እትዬ ፈትለወርቅም ከሁሉ አብልጠው እየሳቁ አጥንታቸውን ተሸክመው ይገባሉ። መረቁን ያጣጥሙት ነበር።

አሁን ግን የቀረበው መረቅ አይደለም።

«ይሄ ለማን?» አለ በሬው ከኋላቸው።

ጋሽ ዘውገ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብለው እንዲያዩና ለባለቤታቸው አዲሱን እንዲመርጡ ይፈቅድላቸው ዘንድ ለመኑት።

«አዲሱ ሥጋ፣ ነባሩ አጥንት መሆኑን ማን ነገረዎት?» አለ በሬው። «ብናውቀውማ ኖሮ ዕጣ ምን ያደርግልናል?»

«እኔ ከጠራሁ የሚደርሳት አጥንቱ ነው። ዕድሌን አውቀዋለሁ።»

«ያን ሁሉ ዘመን ሲያካፍሉኝ አንድ ቀን እንኳ አይተው ጠርተዋል?»

«አልጠራሁም።»

«ታዲያ ደስ ብሎኝ የተበላሁት ለምን ይመስልዎታል?»

ሐኪሞቹ ምላሳቸውን ሳይሰበስቡ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጎረቤቱ መሃል የእትዬ ፈትለወርቅ ሳቅ ተሰማ፤ ያ የወጣትነታቸው ሳቅ፣ ከሆድ የሚወጣው። ጋሽ ዘውገ አላስቻላቸውም። አንገታቸውን መለስ ሊያደርጉ ሲሉ በሬው እምቧ አለ፣ እሳቸውም ነቁ።

እምቧ ያለው የአንድ መኪና ክላክስ ነበር። ነግቷል። አልጋው ላይ ብቻቸውን ናቸው፤ የባለቤታቸው ነጠላም ከተሰቀለበት የለም። ተደናግጠው ልጃቸው ሰናይት ጋ ደወሉ። እናትና ልጅ ሆስፒታል ደርሰው ተራ ይዘዋል።

«አባዬ፣ እንዳልቀሰቅስህ የከለከለችኝ እማዬ ናት» አለች ሰናይት። «‹እሱ ባለበት ዕጣ አጥንት እንጂ ሌላ ደርሶኝ አያውቅም፤ አርፎ ይተኛ› ብላ።»

ከስልኩ ወዲያ ያ ሳቅ ተሰማ። ትንሽ ቀጥኗል፣ መሃል ላይም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ግን ያው ነው። ጋሽ ዘውገም ሳቁ። ወዲያው ሰናይት የእናቷ ስም ተጠራ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ጋሽ ዘውገ ከአልጋቸው ወርደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ይሄ ለማን?» ያላቸው ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው «ለፈትለወርቅ» አሉ።